መጽውቶ ስለ ማለፍና ፈቀቅ ስለ ማለት

ምጽዋት መልካም መሆኑን የሚክድ ሰው በአገራችን አይገኝም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለተራበ ማካፈል የሃይማኖቱ ግዴታ እንደ ሆነ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲነገረው ያድጋል። ነገር ግን ሰው ሁሉ መልካም ነው ብሎ የተስማማበት ነገር ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ስለሚኖር፥ በውስጡ የተሸሸገውን ጉድለት የሚያይለት የለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ምጽዋትን አይደለም፤ የምተቸው እኛ የለመድነውን አመጸዋወት ነው። ተቺ ከሰው ቤት ቢጀምር ሐሜተኛ ይባላልና፥ እኔ ከራሴ ደጅ እጀምራለሁ።

ቤቴ በሐይቅ ከተማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያምን በዓል አክብሬ በማግስቱ ተመለስሁ። እንደ ተሳላሚ ሁሉ ጠበሉን በጀሪካን፥ እምነቱን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ሲመሽ ካፊያ መጣል ጀመረ፤ በዚያ ሰዓት የግቢዬ በር ተንኳኳ። ብከፍተው አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማለች። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ ለዛሬ ብቻ አሳድሩኝ» አለችኝ። እኔም ወደ ውስጥ ገብቼ ከበዓሉ የተረፈውን ዳቦ ግማሹን ቈረጥሁ፤ በላዩም ሃምሳ ብር ጨምሬ ሰጠኋት። ይህን በማድረጌ ደስ አለኝ፤ ከግሸን መልስ ይህን የመሰለ በረከት ከደጄ ድረስ መምጣቱ የበዓሉ ፍጻሜ ሆኖ ታየኝ። እርስዋም በሁለት እጇ ተቀብላ ከመረቀችኝ በኋላ፥ «ጌታዬ፥ የት ተቀምጬ ልብላው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የምሰጣት መልስ አልነበረኝም። «ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሂጂ» አልኋትና በሩን ዘጋሁ።

በግቢዬ ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ፥ አልጋ የተነጠፈለት አንድ ክፍል አለ። ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣ ካልሆነ በቀር ዓመቱን ሙሉ ተቈልፎ ይኖራል። በዚያች ሌሊት ክፍሉ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ትዝ ብሎኛል፤ ነገር ግን አስቀድሜ ያሰብሁት የአልጋውን ልብስ ነው።

ሲነጋ ያችን ሴት ከጎረቤቴ ቤት ስትወጣ አየኋት። ጎረቤቴ አንዲት ሙስሊም ባልቴት ናቸው፤ ጉሊት ተቀምጠው በሚያገኙት ሽርፍራፊ የሚኖሩ፥ ቤታቸውም አንድ ክፍል ብቻ የሆነ። ጥቂት ቆይቼ ሄድሁና እንዳላወቀ ሰው ሆኜ፥ «እናቴ፥ ማታ እንግዳ ነበረብዎ መሰለኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም፥ «አዎን ልጄ፥ እኔ ምን ሰጠኋት ብለህ ነው፤ ከመደቡ ላይ ፈቀቅ አልሁላት እንጂ» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ሊነኩኝ ብለው አልነበረም፤ በሬን አንኳኵታ እንደ ነበረ የነገረቻቸው አይመስለኝም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ «ፈቀቅ አልሁላት» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የእኔን ዳቦና የባልቴቲቱን መደብ በሚዛን እናስቀምጣቸው። በዋጋ የተመዘነ እንደ ሆነ የእኔ ይበልጣል። ዳቦው ግን ከትራፊዬ የወጣ ስለ ሆነ ከኑሮዬ ያጐደለብኝ ነገር አልነበረም። ባልቴቲቱ ሌሊቱን በጠባብ ተኝተው፥ የሕፃን ለቅሶ ሰምተው፥ የማያውቁትን ሰው አምነው አደሩ። የእኔ ስጦታ ሴትዮዋን ከደጄ ለመሸኘት አገለገለ፤ የእርሳቸው ስጦታ ግን ወደ ቤት አስገባት። መጽውቶ ማለፍና ፈቀቅ ማለት የምለው ይህን ልዩነት ነው።

በበዓላችን ቀን የምናደርገውን ሁሉ በዚህ ሚዛን ብናየው ብዙ የሚያሳፍር ነገር እናገኛለን። ግሸን ደብረ ከርቤ በአምባሰል ምድር ያለች፥ ተፈጥሮ በመስቀል ቅርጽ የሠራት አምባ ናት። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ በ15ኛው መቶ ዓመት፥ ወደዚያች አምባ እንደ ገባ ስለሚታመን፥ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ ዳገቱን ወጥቶ ይሳለማል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ድኻው፥ ዐይነ ስውሩ፥ ልጆቿን ያስከተለች እናት ተደርድረው ይቀመጣሉ። እኛስ ምን እናደርጋለን? ከመነሣታችን በፊት አንዱን መቶ ብር ወደ ዝርዝር እንመነዝረዋለን። መንዛሪ ሁሉ የሚያስበው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እንዲያንስ፥ መራቂው ግን እንዲበዛ ነው። ከዚያ በኋላ በተርታ እያደልን እናልፋለን፤ የማንንም ፊት ትኵር ብለን አናይም። ከየት መጣህ፥ ማታ የት ታድራለህ፥ ይህች ልጅ ትምህርት ቤት ገብታለችን ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዚህ ዓይነት የተሰጠ ገንዘብ ለድኻው የተሰጠ ይመስላል እንጂ፥ እውነቱን ብንናገር ምርቃት የተገዛበት ነው።

ይህ ነገር በዚያው በግሸን መንገድ አስቀድሞ የተፈተነ ነው፤ የፈተናውንም መልስ የሰጡን ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። እኒህ ሴት በ1928 ዓ.ም. በሰላሌ ተወለዱ። አባታቸው በጣልያን ጦርነት ስለ ሞቱ በአያቶቻቸው እጅ አደጉ፤ ገና ልጅ ሳሉ ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩም አምልጠው አዲስ አበባ ገቡ፥ ተማሩም፥ ሥራም ያዙ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ መጡ። ያን ጊዜ አገሩን ረኀብ ይዞት ነበር። በእጃቸው የነበረውን ጥቂት ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል ለተራቡት አካፈሉ። እስከዚህ ድረስ ያደረጉት ማንኛችንም የምናደርገውን ነው፤ እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ስማቸውን ዛሬ የሚያነሣው አይኖርም ነበር።

ነገር ግን ከሞተች እናቷ ጋር የቀረች ሕፃን አዩ። ዳቦው አልቋል፤ ጠበሉም አልቋል፤ የቀራቸው ቤታቸው ብቻ ነው። ያችን ሕፃንና ሌላ ወላጅ የሞተበት ልጅ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ በቤታቸው የተሰበሰቡት ልጆች 21 ሆኑ። ቤተ ዘመድ ዐብደዋል አለ፤ ትዳራቸውም ቤታቸውም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ ልጆቹን አሳደጉ። ከጊዜ በኋላ በስማቸው የተጠራው ማኅበር ተቋቋመ፤ ልጆችን ከማሳደግ አልፎ ትምህርትንና የእጅ ሙያ ሥልጠናን ጨምሮ ለብዙ ሺህ ሰው ደረሰ። ወይዘሮ አበበች በኮሮና በሽታ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አረፉ።

ይህን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንተርከውም እናለቅሳለን። እኔ ግን አተራረካችን ላይ ሁለት ነቀፋ አለኝ።

አንደኛ፥ ወይዘሮ አበበችን ከሰው ተራ አውጥተን ልዩ ፍጥረት እናደርጋቸዋለን። «እርሳቸውማ እግዚአብሔር የመረጣቸው ናቸው» ስንል ያከበርናቸው ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን ራሳችንን ከዕዳ ነጻ ማውጣታችን ነው። እርሳቸው የተመረጡ ከሆኑ እኛ ያልተመረጥን ነን፤ ካልተመረጥን ደግሞ የሚጠይቀን የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ምስጋና የስንፍና መጋረጃ ይሆናል።

ሁለተኛ፥ ወደ ግሸን የሚወጣ ሰው መቼም ቢሆን አንድ ብቻ አይደለም። አንዲት ሴት ብቻቸውን 21 ልጆች ተሸክመው ትዳራቸው እስኪናጋ ድረስ ከተቸገሩ፥ ይህ ለእርሳቸው ክብር ሲሆን ለቀረነው ወቀሳ ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። 21 ልጆች ለ21 ቤት ጌጥ በሆኑ ነበር። ጀግና የሚያስፈልገው ሕዝቡ የየድርሻውን ሳያነሣ የቀረ እንደ ሆነ ነው፤ ስለዚህ በጎ አድራጊ ባደነቅን ቍጥር ያላነሣነውን ድርሻችንን ማሰብ ይገባናል።

ወሎ ደግሞ ይህን ለማሰብ በቂ ምክንያት ያለው አገር ነው። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሩታል፤ በዚያው ዘመን ከብቱን ጨርሶ ሰውን ያሳለቀውን ክፉ ቀን ግን የሚያነሣላቸው ጥቂት ነው። ከዚያም በ1958፥ ከዚያም በ1965ና በ1966፥ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ተመላልሶ መጣ። በ1965 ባለ ሥልጣኖች ነገሩን ሸሸጉት፤ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በለንደን ከታየ በኋላ ግን ዓለም ሁሉ አወቀው። በጥቅምት 1977 ደግሞ ከኮረም የተላከው የቴሌቪዥን ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና የተራድኦ ኮሚሽኗን ያቋቋመችው በ1964 ዓ.ም. ነው፤ የክርስቲያን የእርዳታ ድርጅቶችም በአንድነት የሚመክሩበትን ኅብረት የመሠረቱት በዚያው በ1965ቱ የረኀብ ዘመን ነው። እነዚህ ድርጅቶች ስንዴ አምጥተዋል፥ ሕይወትም አድነዋል፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን የድርጅት እርዳታ ከመከራው ጋር መጥቶ ከመከራው ጋር የሚሄድ ነው። መኪናው ከሄደ በኋላ በየከተማው በረንዳ ላይ የሚቀረውን ሰው የሚያየው ጎረቤት ካልሆነ ሌላ ማንም የለም።

በእኛ ዘመንም ይኸው ታይቷል። ከወለጋ ቤት ንብረታቸው የጠፋባቸው ሰዎች መጥተው በሐይቅ አጠገብ በጃሪ መጠለያ ሰፈሩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ደግሞ የሐይቅና የውጫሌ ሰው ራሱ ተፈናቃይ ሆነ፤ ሌሎች ሰዎችም ፈቀቅ ብለው አስጠጉን። ከዚያ ስንመለስ ያን ውለታ መርሳት አይገባንም ነበር። እኔ ያችን ሴት በካፊያ የመለስሁት ከዚያ ወዲህ መሆኑን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

እስቲ አሁን ሃይማኖታችን ምን እንደሚል እንመልከት። በወንጌል የተነገረው ደጉ ሳምራዊ ቍስለኛውን ባየ ጊዜ ገንዘብ ጥሎለት አላለፈም። ቍስሉን አጠበ፥ በራሱ ከብት ላይ አስቀመጠው፥ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፥ ለማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ከዚያም በላይ የወጣውን ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ ቃል ገባ። ገንዘቡ የመጣው ከሁሉ በኋላ መሆኑን ልብ እንበል። አብርሃምንም ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድነት የሚያከብሩት እንግዳን ከድንኳኑ ስላስገባ ነው። በእስልምናም ዘካ ለመስጠት ልክና ጊዜ አለው፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ሀብት ዓመት የዞረበት ሰው ከአርባ አንድ እጁን ያወጣል፤ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱም ከአገሩ የራቀ መንገደኛ ነው። ሕጉ ይህን ለሰው ስሜት ብቻ አለመተዉ ብልኅነት ነው፤ ስሜት በበዓል ቀን ሞቆ በማግስቱ ይበርዳልና።

በቅዳሴያችን ስሙን የምንጠራው ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ቂሳርያ ረኀብ በገባ ጊዜ ሀብታሞችን ገሥጾ ጎተራቸውን አስከፈተ፤ ረኀቡ ካለፈ በኋላ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ከከተማው ውጭ ድኻ የሚያርፍበት፥ መንገደኛ የሚያድርበት፥ በሽተኛ የሚታከምበት ቤት ሠራ። ከእርሱ የምንማረው ርኅራኄ ጣራና ግድግዳ እንደሚያስፈልገው ነው። እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት የሰበሰቡበት ነው፤ ከሩቅ ከመጡት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንደ ሆኑ ይተረካል። መምህሩ ለመጣው ተማሪ ሁሉ ቁራሽ ሰጥተው ከደጅ መልሰውት ቢሆን ኖሮ ሐይቅ ዛሬ የትምህርት ምንጭ ተብላ አትጠራም ነበር።

እኛ የወሎ ሰዎች ደግሞ የሚያስመሰግን አንድ ሥርዓት አለን፤ እርሱም ቅሬ ነው። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይባል የቅሬው አባል ሁሉ ይወጣል፤ መቃብር ይቈፈራል፥ ድንኳን ይተከላል፥ ለሐዘንተኛ እህል ይዋጣል። ሳይመጣ የቀረ ይቀጣል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ ለሞተ ሰው ይህን ያህል ሥርዓት ያበጀን ሰዎች፥ ለሕያው ሰው ያበጀንለት ሥርዓት ምንድር ነው? ቤት የሌለው ሰው መዋጮ መክፈል ስለማይችል የቅሬ አባል አይደለም። ስለዚህ በሕይወቱ ሳለ በረንዳ ያድራል፤ ሲሞት ደግሞ ቀባሪው ማን እንደ ሆነ ያጠያይቃል። ሰው በሚሞትበት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ተነሥቶ የሚያለቅስለት ከሆነ፥ ከመሞቱ በፊት አንድ ሌሊት ሊያስጠጋው የሚችል ጎረቤት ከመካከላቸው ሊጠፋ አይገባም።

የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ አይደለም። እያንዳንዱ ቅሬ ካለው ገንዘብ ጥቂት ቀንሶ አንድ የእንግዳ ክፍል ቢይዝ፤ ደብሩም መስጊዱም ከግቢው አንዲት ቤት ለመንገደኛ ቢለይ፤ ለክፍሉ ኀላፊ በየወሩ በተራ ቢመደብ፤ ያደረውንም ሰው ስሙን፥ አገሩንና የሚችለውን ሥራ ጠይቆ ነገ የሚሄድበትን ቢመክረው፥ በሐይቅና በውጫሌ በብርድ የሚያድር ሰው ቍጥር በእጅጉ ይቀንስ ነበር። ለዚህ የውጭ አገር ገንዘብ አያሻም። የሚረዳውን ሰው አስቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣትም አያሻም፤ እንግዳውን ያሳደረ ሰው ለምስክር ብሎ መብራት አብርቶ የተኛውን አያስነሣምና።

አንዳንድ ሰው ሦስት ነገር አንሥቶ ይከራከረኝ ይሆናል። «ይህ ስንፍናን ያበረታታል» የሚለው አንዱ ነው። እኔ ግን ስንፍናን የሚያበረታታው መጽውቶ ማለፍ ነው እላለሁ፤ ሳይጠይቁ የሚሰጡት ሳንቲም ለማኙን በዚያው ቦታ ያኖረዋል። ያሳደረ ሰው ግን እንግዳውን ያውቀዋል፤ የሚያውቁትንም ሰው ወደ ሥራ መምራት ይቻላል። «ሌባ ቢሆንስ?» የሚለው ሁለተኛው ነው። ይህ ስጋት እውነት አለው፤ ስለዚህም ነው ጉዳዩ የአንድ ሰው ሳይሆን የቅሬ ይሁን የምለው። «እኛም ድኾች ነን» የሚለው ሦስተኛው ነው፤ ለዚህኛው መልስ የምትሰጠው አንድ ክፍል ቤት ያላቸው ጎረቤቴ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ያችን ሴት በማግስቱ ፈለግኋት፤ ወደ ወልድያ በሚሄድ መኪና ተሳፍራ ሄዳለች ተባልሁ። ዳቦውን የት ተቀምጣ እንደ በላችው ግን አውቃለሁ፤ በባልቴቲቱ መደብ ላይ ነው። ጎረቤቴ ከሴትዮዋ ጋር ተካፍለው እንደ ነበር በኋላ ነገሩኝ፤ የእኔን ምጽዋት ምጽዋት ያደረገው የእርሳቸው ቤት ነው ማለት ነው።

የእንግዳውን ክፍል ከፍቼዋለሁ። ያደሩበትን ቈጥሬ ልመካ አልሻም። ከመካከላቸው አንዱ ብርድ ልብሱን ይዞብኝ ሄዷል፤ ያን ቀን ተናድጄ ክፍሉን መልሼ ለመቈለፍ ቁልፉን አንሥቼ ነበር። ከበሩ ስደርስ ጎረቤቴ በአጥር ማዶ ሆነው አዩኝና፥ «አብሽር ልጄ፥ ብርድ ይዞት ነው» አሉኝ። ቁልፉን ወደ ኪሴ መለስሁት፤ ከገበያም ሌላ ብርድ ልብስ ገዛሁ።

እንግዲህ በሚቀጥለው መስከረም ወደ ግሸን የምንወጣ ሁሉ፥ ብራችንን ከመመንዘራችን በፊት ቤታችንን ዞር ብለን እንመልከት። ተቈልፎ የተቀመጠ ክፍል ወይም ሰፋ ያለ መደብ ያለን እንደ ሆነ፥ ስእለታችን ከዚያ ይጀምር። እግዚአብሔር ሰጥተን እንድናልፍ ብቻ ሳይሆን ፈቀቅ ብለን እንድናስቀምጥ ልብ ይስጠን።